ከእኛ ወይስ በእኛ

ግንቦት ሲያልቅ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ የየካ ሚካኤል ሰፈር ሰዎች የዕድራቸውን ድንኳን አውጥተው ፀሐይ ላይ ይዘረጉታል። ሴቶቹ የተቀደደውን ይሰፋሉ፤ ወንዶቹ ገመዱን ይፈትሻሉ፣ የተሰበረ ካስማ ይለውጣሉ። ድንኳኑ ለዓይን የሚያምር አይደለም። ወፍራም ሸራ ነው፤ ዝናብና ጭስ አጥቁሮታል። ሰው በሞተ ጊዜ ግን ለቀስተኛው የሚቀመጠው ከሥሩ ነው። ድንኳን የተተከለለት ሰው ብቻውን አልሞተም ማለት ነው።

ይህ የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ጊዜ፣ በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ የድንኳኑ ጠባቂ በዳዳ ነበር። በዳዳ ድሮ በየካ ግርጌ የሚያርስ ገበሬ ነው። ከተማው እየሰፋ መጥቶ እርሻውን ቤት ሲሞላው ሞፈሩን ሰቅሎ ድንጋይ ሊፈልጥ ወደ ካባ ወረደ። የዕድሩ ዕቃ ቤት ከግቢው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቁልፉን ከማተቡ ጋር በአንገቱ አሥሮ ይዞራል። የዕድሩ ዳኛ አቶ ተክለጻድቅ ይቀልዱበት ነበር።

"በዳዳ፣ የገነትን መግቢያ ቁልፍ ነው እንዴ የያዝከው?"

"የለም ጌታዬ፤ ከዚህ መውጫውን ነው።"

ቤቱ ውስጥ ሚስቱ ጂቱና አሮጊት እናቱ ሎሚ አሉ። ሎሚ ደግሞ የዕድሩን ጡሩንባ ነፊ አካሉን ባየች ቁጥር አንድ ነገር ሳትናገር አታሳልፈውም። "አንተ አካሉ፣ የእኔ ቀን ሲደርስ አሳጥረህ እንዳትነፋ! ጆሮው የደነቆረ ሁሉ ይስማኝ።" አካሉም "እማማ፣ እርስዎን የሚያስቀብር ሳምባ ገና አልገዛሁም" ብሎ ያስቃታል።

በዚያ ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አንድ የውጭ አገር ምሁር ወደ ሰፈሩ መጣ። ስሙ ዶክተር ዌልደን ይባላል። ረጅም፣ ትሑት፣ ሰው ሲያናግር ባርኔጣውን የሚያወልቅ ሰው ነበር። ቤት የተከራየው ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ከመንገዱ ዳር ነው። የሚያጠናው የሰውን ጠባይ እንጂ ሕክምና አልነበረም። "ዶክተር" መባሉን የሰሙ ሰዎች ግን የሚያስል ሕፃንና ያበጠ እግር ይዘውለት መጡ። አካሉም ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን አሳየው።

"ምን አለ?" ሲል አካሉ የዶክተሩን አስተርጓሚ ጠየቀ።

"ጋሽ አካሉ፣ የሚፈልገው ወሬዎን ነው እንጂ ጉልበትዎን አይደለም።"

"ወሬዬም እንደ ጉልበቴ ሲንቋቋ ሊሰማ ነው እንግዲህ!"

አስተርጓሚው ወንድይራድ እዚያው የካ ሚካኤል ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው። አባቱ ሞተው እናቱ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ለብቻቸው አሳደጉት፤ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። ባሕር ተሻግሮ የመማር ሐሳብ በልቡ ገብቶ ነበርና ዶክተሩ "ሥራችን ሲያልቅ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ አስተዋውቅሃለሁ" ባለው ቀን ከእንጦጦ እስከ ቤቱ እየሮጠ ወረደ።

ዶክተሩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ፈቃድ ጠየቀ። "በመካከላችሁ ጥናት፣ አንዳንድ ጊዜም ሙከራ እንዳደርግ ፍቀዱልኝ" ነበር ያለው። ወንድይራድ የመጨረሻው ቃል ላይ ሲደርስ ተደናቀፈ። ሙከራ ቢላቸው "ምን ሊሞክርብን ነው?" ይላሉ። ፈተና ቢላቸው የሰይጣን ሥራ ይመስላቸዋል። በመጨረሻ አሳጠረው።

"ከእናንተ ሊማር ነው የመጣው" አለ።

"ይማር! ይማር!" አለ ስብሰባው በሙሉ። "ባሕር አቋርጦ እኛን አስተማሪ ካደረገን፣ ይማር እንጂ!"

ዶክተሩ ቃሉን ወደደው። ከአማርኛ መጀመሪያ የያዘውም ይህንኑ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቤቱ ሲገባ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ይማር" እያለ ራሱን ያስተዋውቃል፤ ሰዎቹም እየሳቁ ያስገቡታል። ዶክተር ዌልደን ፈቃድ አገኘሁ ያለው እንዲህ ነው።

ሐምሌ ላይ ዶክተሩ ወንድይራድን ቤቱ አስቀምጦ ሐሳቡን ነገረው። የጋራ የሆነ ነገር ሲጠፋ ሰዎች ማንን እንደሚጠረጥሩና እንዴት እንደሚፈርዱ ማየት ይፈልጋል። የዕድሩ ድንኳን ለጥቂት ሳምንት ይደበቅ።

"ሰዎቹ ይጨነቃሉ እኮ" አለ ወንድይራድ።

"ሲመለስ ይደሰታሉ። አንዲት ክር አትጎድልም።"

"አስቀድመን ብንነግራቸውስ?"

"ከነገርናቸው የምናየው ትወና ነው። እኔ የምፈልገው እውነተኛ ጠባያቸውን ነው። ማንም አይጎዳም፣ ወንድይራድ። ያ ዩኒቨርሲቲ ሲቀበልህ የምትሠራው ይህን ዓይነት ሥራ እኮ ነው።"

ወንድይራድ "እሺ" አለ።

በማግሥቱ ጠዋት በዳዳን ወደ ካባው ሲወርድ መንገድ ላይ አገኘው። ዶክተሩ ዕቃ ቤቱን ፎቶግራፍ ሊያነሣ እንደሚፈልግ ነገረው። በዳዳ ሳያመነታ ቁልፉን ከአንገቱ አወለቀ።

"ዘግተህ ለጂቱ ስጣት፤ የሰፈሬ ልጅ አይደለህ!"

ጂቱ ገበያ ሄዳ ነበር። ድንኳኑን ጠቅልለው በዶክተሩ ላንድሮቨር ጭነው ወደ እንጦጦ አወጡት። ቁልፉን ወንድይራድ ማታ በበዳዳ እጅ መለሰ። መኪናዋን ያየ ሰው ቢኖርም ልብ አላላትም። ፈረንጅ ድንኳን ይሰርቃል ብሎ ማን ያስባል?

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ድንኳኑን ሊያናፍሱ ዕቃ ቤቱን ከፈቱ። ባዶ ነው። በዳዳ ገብቶ በእጁ ግድግዳውን ዳሰሰ፤ ያን የሚያህል ነገር በጥላ ውስጥ ተሰውሮ እንደሆነ ሁሉ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩ ዕረፍት አጣ። ተከፍቶ ይውል የነበረ አጥር ተዘጋ። ጎረቤት መጥረቢያ ሊዋስ ሲመጣ "ምን ሊያይ ነው?" ተባለ። አንዱ ላምበረት ላይ አንድ ነጋዴ ሸራ ሲጭን አይቻለሁ አለ። ሌላው ደግሞ "መሬቱን ያጣ ሰው ምን የማያደርገው አለ?" ብሎ ጨመረበት። ስም አልተጠራም፤ ሁሉም ግን የተባለው ማን እንደሆነ ገባው። ጂቱ ምንጭ ስትወርድ የሴቶቹ ጨዋታ ይቋረጣል፤ እንስራዋን ሞልታ ስትመለስ ከኋላዋ ይቀጥላል።

በከተማው መሐል አውጫጭኝ እየቀረ ነበር። በየካ ዳር ያሉ ሽማግሌዎች ግን ዕቃ ሲጠፋ ከፖሊስ ጣቢያ በፊት የሚያስቡት እሱን ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይወጣል። የተመረጡ ሽማግሌዎች ፈንጠር ብለው ይቀመጣሉ፤ ሰው ተራ በተራ ቀርቦ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ምስክር ሆኖ መታወቅ ያልፈለገ "ወፍ ነገረችኝ" ይላል። ወፊቱ ማን እንደሆነች አይጠየቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ተሰበሰቡ። ዶክተሩ ወንበር ይዞ መጥቶ ከዳር ተቀመጠ፤ ወንድይራድ ከጎኑ ቆመ። ብዙ ወፎች ስለ በዳዳ ተናገሩ። በመጨረሻ አቶ ተክለጻድቅ በዳዳን በሰው ሁሉ ፊት አቆሙት።

"ይህ ቁልፍ ከአንገትህ ወጥቶ ያውቃል?"

በዳዳ ቀና ብሎ ሜዳውን ተመለከተ። ዓይኑ ወንድይራድ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆየና አለፈ።

"ወጥቶ ያውቃል።"

"ለማን ሰጠኸው?"

"ቁልፍ የያዘ ሁሉ ሌባ አይደለም። ሲወስድ ያላየሁትን ሰው ስሙን እዚህ ሜዳ ላይ አልጥልም።"

"እንግዲያስ በራስህ ላይ መጣልህ ነው!"

"ይሁን፣ ጌታዬ።"

"ምን አለ?" ሲል ዶክተሩ ወንድይራድን በሹክሹክታ ጠየቀው።

"ምንም አላለም" አለ ወንድይራድ።

ነገሩ ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ። እስከዚያው በዳዳ ከዕድሩ ታገደ።

ሐሙስ ጠዋት አሮጊቷ ሎሚ አረፈች። ስትታመም ከርማለች፤ ስለ ድንኳኑ ምን ያህል እንደሰማች ማንም አያውቅም። አካሉ ጡሩንባውን ከግድግዳ አውርዶ ይዞ አቶ ተክለጻድቅ ዘንድ ሄደ።

"ልንፋ?"

አቶ ተክለጻድቅ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጓሮ ድረስ ሄደው ተመለሱ። "ታግዷል አልን። ራሳችን ያልነውን ራሳችን ብናፈርሰው ነገ ማን ይሰማናል?" አሉት። አካሉ ጡሩንባውን በጋቢው ሸፍኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

የሎሚ ባል የተቀበረው እንጦጦ ማርያም ነውና እሷንም ወደዚያው አወጧት። በዳዳ፣ ወንድሞቹና ጥቂት ዘመዶች ቃሬዛውን እየተቀባበሉ በዳገቱ ጭቃ ላይ ይንሸራተታሉ። አንድ ቄስ ከፊት፣ ጂቱ ከኋላ ይሄዳሉ። ዝናቡ አላባራም።

ዶክተሩና ወንድይራድ በመስኮት አዩአቸው።

"ማነው የሞተው?"

"የበዳዳ እናት።"

"የቀብር ሰው ሁልጊዜ ብዙ ነበር። ዛሬ ለምን አነሰ?"

"ጡሩንባ አልተነፋላትም።"

"ለምን?"

"ልጇ ሌባ ስለሆነ።"

"ሌባ አይደለም እኮ!"

"ይህንን የምናውቅ እኔና እርስዎ ብቻ ነን፣ ዶክተር።"

ወንድይራድ ከመስኮቱ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ባገኘው ነገር ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አለ። የተቀመጠው በተጠቀለለው ድንኳን ላይ ነበር።

"አሁኑኑ እናውርድላቸው" አለ። "መኪናው ደጅ ነው። ከቀብር ሲመለሱ ተተክሎ ይጠብቃቸው።"

ዶክተሩ ፊቱ ገርጥቷል። ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። "እስከ እሑድ ብቻ ታገሥ። አሁን ካቋረጥነው የብዙ ወር ሥራ ከንቱ ይሆናል። ይህ ሐዘናቸውም ከንቱ ይሆናል። ከጨረስነው ግን ሌሎች ይማሩበታል።"

"በአገርዎ ቢሆን ያደርጉት ነበር? እናትዎ በሚኖሩበት ሰፈር?"

"በአገሬ?" ዶክተሩ ሳያስበው ፈገግ አለ። "በአገሬማ ፍርድ ቤት ያቆሙኝ ነበር።"

ፈገግታው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ወንድይራድ ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ምድጃ ዳር ተቀምጠው አገኛቸው። ምሳ አቅርበው አልነኩትም።

"ሎሚን ሳልቀብር ዋልኩ" አሉት። "አባትህ የሞተ ጊዜ ከጎኔ ሳትነሣ የከረመች እሷ ናት። ልጇ ሰርቆ ይሁን፤ እሷ ምን ሰረቀች? እኔ ግን ሰው ምን ይለኛል ብዬ ቀረሁ። ምነው፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል።"

"ብርድ ነው፣ እማዬ።"

"ና፣ እሳቱ ዘንድ ቅረብ" አሉት። አልቀረበም። ተነሥቶ በጓሮ በኩል ወጣና በባሕር ዛፉ መሐል መድረሻ ሳይኖረው ሲዞር ዋለ።

እሑድ ሜዳው ሞላ። በዳዳ ራሱን ተላጭቶ፣ ሐዘን ላይ እንዳለ ሰው ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሶ ለብቻው ቆሟል። ዶክተሩ እንዳለፈው እሑድ ወንበሩ ላይ ነው። ሰዉ በየተራው ቀርቦ ተናግሮ ሲያበቃ አቶ ተክለጻድቅ ወደ ወንድይራድ ዞሩ።

"አንተም የሰፈሩ ልጅ ነህ። ቅረብ። ወፍህ ምን አለችህ?"

በጆሯቸው ቢነግራቸው ይበቃ ነበር። ወፍ ነገረችኝ ቢል ደብቆ የሚያሳልፈው ልማድ አለ፤ ድንኳኑም ይገኛል፣ የእሱም ስም ይተርፋል። ወንድይራድ ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ሜዳው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገረ።

"ወፍ የለኝም፣ አባቴ። ድንኳኑን ያወጣሁት በእጄ ነው። ጋሽ በዳዳ አምነው ቁልፉን ሰጡኝ፤ እኔና ዶክተሩ ወሰድነው። አሁን እንጦጦ፣ ዶክተሩ ቤት ነው ያለው። ማንን እንደምትጠረጥሩ ሊያይ ፈልጎ ነው።"

ሁሉም ባንድ ጊዜ ጮኸ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዶክተሩ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ተነሣና መናገር ጀመረ። በዚህ ጊዜ ወንድይራድ አንድ ቃል አላስቀረም።

"ሙከራ ነበር ይላል። ማንንም ልጎዳ አላሰብኩም፤ ከዕቃው የጎደለ ነገር የለም ይላል። ፈቃድ ሰጥታችሁኝ ነበር ይላል።"

"መቼ ነው የሰጠነው?"

"ይማር ያላችሁ ዕለት። ሙከራ የሚለውን ቃል የዋጥኩት እኔ ነኝ።"

"ወይ ጉድ!" አለ አካሉ። "እኔ ጉልበቴን ያያል ስል እሱ ለካ ሆዴን ሲያይ ኖሯል!"

የሳቀ ነበር። ሳቁ ግን ወዲያው ተቋረጠ፤ ጂቱ ተነሥታ ነበርና።

"ከዕቃው የጎደለ የለም አለ? ከቤቴ አማቴ ጎድላለች። መሞቱንስ በአምላክ ፈቃድ ሞተች። ያለ ጡሩንባ፣ ያለ ድንኳን፣ እንደ ባዕድ የተቀበረችው ግን በማን ፈቃድ ነው? ድንኳኑን ይመልስ። ሐሙስን በምን መኪና ጭኖ ይመልሰዋል?" እጇን ወደ ዶክተሩ ዘረጋች። "ንገረው፣ አንተ ልጅ። ከእኛ ይማር አልን እንጂ በእኛ ይማርብን አላልንም!"

ወንድይራድ ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ረጅም ጊዜ ፈጀበት። ዶክተሩ እንዲደግምለት ጠየቀው። ሁለተኛውን ሲሰማ ወንበሩን አጣጥፎ መሬት ላይ አስተኛውና እንደ ሌላው ሰው ቆመ።

አቶ ተክለጻድቅ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። "በእነዚህ ብቻ ፈርደን አንገላገልም" አሉ። "ድንኳኑን የደበቁት እነሱ ናቸው። ለሬሳ ጡሩንባ የከለከልነው እኛ ነን። ማንም አላዘዘንም።"

ድንኳኑ የዚያኑ ቀን ወርዶ በበዳዳ ግቢ ተተከለ። ዶክተሩ በራሱ እጅ ካስማ ሲመታ ማንም አልከለከለውም፤ ማንም ግን አላናገረውም። ከዚያ አካሉ ከጉብታው ላይ ወጥቶ ጡሩንባውን ነፋ። ሎሚ እንዳዘዘችው፣ ፊቱ እስኪጠቁር ድረስ አስረዝሞ ነፋ። ከየአጥሩ ሰው እየወጣ መጣ፤ የቀብሩ ቀን የቀሩት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው "ነፍስ ይማር" እያሉ ገቡ።

ወንድይራድ በበዳዳ እግር አጠገብ ተንበረከከ።

"ለምን ስሜን አልጠሩም፣ ጋሼ? ቁልፉ ከእኔ ጋር እንደነበር ያውቁ ነበር።"

"ያን ዕለት ብጠራህ እናትህ ናት ሜዳው ላይ የምትቆመው" አለ በዳዳ። "እኔም ቤቴ ያለችውን እናቴን እያሰብኩ ነበር። ተነሥ አሁን፣ ልብስህን ጭቃ አታልብስ።"

ዶክተሩም ቀረበ። የሚለውን ወንድይራድ አስተረጎመለት፤ ይቅርታ ጠየቀ። በዳዳ፣ ያን ሁሉ ካደረገው ሰው ላይ እንኳ አክብሮቱን ሳያጎድል፣ "እግዜር ይማርዎ" አለው።

ዶክተሩ የሚያውቀውን ቃል የሰማ መሰለው። ዓይኑ በራ። "ይማር! ተማርኩ፣ አዎ፣ ተማርኩ" አለ በተሰባበረ አማርኛ።

"አይደለም፣ ዶክተር" አለው ወንድይራድ በእንግሊዝኛ። "ያ ቃል ጠብቆ ነው የሚነገረው። ይኸኛው ላልቶ ነው። ምሕረት እየለመኑልዎ ነው።"

ዶክተር ዌልደን ጥናቱን ሳይጨርስ አገሩ ገባ። ወንድይራድ ወደ ውጭ አልሄደም። ዕድሩ የፈረደበት ለአንድ ዓመት በየለቅሶው ድንኳን እንዲተክል ነበር፤ ዓመቱ አልፎም አልተወውም። በዳዳ በጠባቂነቱ እንዲቀጥል ቢለመንም ቁልፉን ዳግመኛ በአንገቱ አላሠረም። በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ ይሁን፣ አንደኛውን ሌላ ሰው ይያዝ አለ። ያ የቀድሞ መተማመን አልተመለሰም።

አንባቢ ሆይ፣ ዕውቀት ፈልጎ አገር አቋርጦ የሚመጣን እንግዳ በር ዝጉበት አልልም። የሚያጠናውም ሰው ክፉ ነው አልልም፤ ዶክተር ዌልደን ክፉ አልነበረም። ነገር ግን በገዛ ወገኑ ላይ ሊያደርገው የማይደፍረውን በሰው አገር ሰው ላይ የሚያደርግ፣ ሩቅ ያለውን ሰው ስም፣ ሐዘንና እናት እንደሌለው አድርጎ መቁጠሩ ነው። በመካከል ቆሞ የሚያስተረጉምም የሚውጠው ቃል የማንን ቀብር እንደሚያስቀር ይወቅ። እሺ የምንል ሁሉ ደግሞ እሺ ከማለታችን በፊት መጠየቅ አለብን።

የየካ ሚካኤል ዕድር መጠየቅ ጀምሯል። ዛሬም አንድ ሰው ደብተርና ካሜራ ይዞ "ስለ እናንተ ልማር መጣሁ" ሲል ወንበር ይሰጡታል፣ ውሃ ያቀርቡለታል። ከዚያ የዕድሩ ዳኛ ወደ አስተርጓሚው ዞር ብለው ቃሉን ሳይውጥ እንዲጠይቅላቸው ያዝዙታል፦

"ከእኛ ነው ወይስ በእኛ?"